ደብተሩ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ኬጂ ልጅ ያለው የአዲስ አበባ ወላጅ ሁሉ ያቺን ደብተር ያውቃታል። ኮሙኒኬሽን ቡክ ይሏታል፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት የመገናኛ ደብተር ይላታል። ማታ ከቦርሳ ትወጣለች፣ ይፈረምባታል፣ ጠዋት ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ያለባት ጽሑፍ «የቤት ሥራ ገጽ 14» ብቻ ነው። ወላጅ ይከፋዋል፦ «ይህን ሁሉ ከፍለን ስለ ልጃችን አንድ ቃል አይጽፉልንም?» ኬጂ የምናስተምረው ደግሞ በበኩላችን «ፈርመው ይልካሉ እንጂ መች ያነባሉ» እንላለን። ሁለታችንም እውነት አለን።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። 30 ልጅ ባለበት ክፍል ለአንድ ደብተር 2 ደቂቃ ቢሰጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። መምህሯ ያን ሰዓት የምታገኘው ልጆቹ ሲተኙ ነው፤ ካልተኙ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጠፋ ሹራብ የሚፈለግበት፣ ግራና ቀኙ የተቀያየረ ጫማ የሚስተካከልበት፣ የሰርቪስ ሹፌር በር ላይ ጥሩንባ የሚነፋበት ነው። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ይገለበጣል። ከዚች ደብተር የየዕለቱን ውሎ መጠበቅ ትርፉ መከፋት ነው። ደብተሯ ዋጋ የሚኖራት ከቤት ወደ ክፍል ስትሄድ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተነበበች ሦስት መስመር የልጁን ውሎ ትለውጣለች። ማታ የምትደርሳችሁ ሦስት መስመር ግን ስላለፈ ነገር ነው የምታወራው።

እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሲደርሰን ደስ ይለናል፦

«ማክሰኞ ጥቅምት 11። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዴ አስመልሷታል። ትኩሳት የላትም። ቁርስ አልበላችም፣ ሻይ ብቻ ጠጥታለች። መክሰስ እምቢ ካለች አታስገድዷት፣ ውሃ ግን ቶሎ ቶሎ ስጧት። እንደገና ካስመለሳት ደውሉልኝ፣ በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ። እናቷ።»

መቼ፣ ምን ሆነች፣ ምን እናድርግ፣ ምን አናድርግ፣ መቼ እንደውል፤ ሁሉም አለበት። (ሌሊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ካስመለሳት ግን ማስታወሻ ሳይሆን ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት፤ ቤት ትዋል።) አሁን ይህን «ትንሽ አሟታል፣ ተከታተዪልኝ» ከሚለው ጋር አስተያዩት። ምኗን እንከታተል? ሆዷን ነው፣ ጆሮዋን ነው? «ተከታተዪልኝ» የሚለው ቃል የወላጅን ጭንቀት ይነግረናል እንጂ ሥራ አይሰጠንም። «በርታ በሉት» እና «ትኩረት ይደረግበት» የሚሉትም ያው ናቸው።

ከሕመም ይልቅ ወላጆች የሚደብቁን የቤት ለውጥ ነው። አባት ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ወጣ፣ አዲስ ሕፃን ተወለደ፣ ቤት ተቀየረ፣ ለቅሶ ገባ። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ደግሞ የሠራተኛዋ መሄድ ነው። ለቤቱ ሰው ሠራተኛ ተቀየረች ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ስታለብሰው፣ ስታጎርሰው፣ ስታስተኛው የኖረችው ሰው አንድ ቀን ጠዋት የለችም። ደህና የነበረ ልጅ ድንገት በር ላይ ማልቀስ፣ ሱሪው ላይ መሽናት፣ መናከስ ሲጀምር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ቤት ውስጥ ማን ሄደ? ማን መጣ?» ብለን ነው። ገመናችሁን አንፈልግም። «ቤት ውስጥ ለውጥ ስላለ ለሁለት ሳምንት ያህል ሆድ ሊብሰው ይችላል» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ያቺን መስመር ያነበበች መምህርት ልጁን አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፤ ያላነበበችው ግን «ባለጌ ሆነ» ብላ ልታስብ ትችላለች።

ቀን ስትጽፉ የሳምንቱን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚልኩት፣ አንዴ በኛ አንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። «12/03» ለአንዱ ኅዳር 12 ነው፣ ለሌላው ማርች 12፣ አሜሪካ ለኖረ ወላጅ ደግሞ ዲሴምበር 3። የባህል ልብስ የሚለበስበት ቀን ዩኒፎርም ለብሶ የመጣ ልጅ የሚያሳየው ፊት ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። «ዓርብ ኅዳር 12» ከተባለ የሚሳሳት የለም፤ ቀኑና ቁጥሩ ካልገጠሙም ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

መድኃኒት ላይ ግን የሰዓት ስሕተት ከማሳፈር ያልፋል። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» በር ላይ በጥድፊያ ሲነገሩ ይምታታሉ፤ የመጀመሪያው በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ። ጠርሙሱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት «2» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ለኛ የጠዋት 2 ይመስለናል፤ ጽሑፉ ግን 8 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን «መድኃኒቱን ትምህርት ቤት ሳልልክ ልሰጠው የምችልበት ሰዓት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ ሽሮፕ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ ሊውል ይችላል፤ ልጁ 9 ሰዓት ላይ ቤት የሚደርስ ከሆነ መድኃኒቱ ከቤት መውጣት አያስፈልገውም። የግድ የሚላክ ከሆነ በራሱ ጠርሙስ ይሁን፤ የልጁ ስም ከነአባቱ ይጻፍበት፤ መጠኑ በሚሊ ሊትር ይገለጽ፤ መለኪያው አብሮ ይምጣ። «አንድ ማንኪያ» አትበሉን። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይታሰባል፣ የሾርባ ማንኪያ 15፤ ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ከሆነ ትምህርት ቤቱ የሚሠራ ፍሪጅ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መድኃኒት ምሳ ዕቃ ውስጥ ወይም ኮዳ ውስጥ ጁስ ላይ ቀላቅሎ መላክ ፈጽሞ መቅረት አለበት። ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ቢተወው ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቅ የለም፤ ቀሪውን የሚጠጣው ደግሞ ጓደኛው ነው። የኛ ልጆች ምግብ ሲካፈሉ አይተናል፤ አንዱ ለአንዱ ያጎርሳል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ልጃችሁ የሚበላው ከቤት ያሰራችሁለትን ብቻ አይደለም ማለት ነው። እንቁላል ወይም ለውዝ ሰውነቱን የሚያሳክከው ከሆነ «አይወድም» ሳይሆን «ከበላ ከንፈሩ ያብጣል» ብላችሁ ጻፉ፤ «አይወድም» ያላችሁትን የመምህሯ ረዳት ለማስለመድ ትሞክራለች። ጾምም እንዲሁ ነው። ልጁ ረቡዕና ዓርብ ይጾም አይጾም፣ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ሥጋ ከጓደኛው ምሳ ዕቃ እንዳይበላ የምትፈልጉ መሆኑን በመስከረም አንዴ ንገሩን። በየቤቱ ያለው ሕግ የተለያየ ስለሆነ በግምት መሥራት አንችልም። የልደት ኬክ የምትልኩም ቀኑን ስትመርጡ ጾሙን እዩት፤ ግማሹ ክፍል ሲበላ ግማሹ የሚያይበት ልደት ለማንም አይጥምም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ ባለባቸው፣ ምግቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ እዚያ የልጁን የማይስማማ ምግብ መምህሯ ብቻ ሳትሆን የምታቀርበውም ሴት ማወቅ አለባት።

ልጁን ማን ይወስደዋል? ይህ ጥያቄ በመስከረም ቅጽ ላይ ተሞልቶ ይረሳል፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው። ቢበዛ ሦስት ሰው ይመዝገብ፣ ከነፎቶውና ከነስልኩ። ሠራተኛዋ ሥራዋን የለቀቀች ቀን፣ በሰላምም ትሂድ በጠብ፣ ያኑ ዕለት ለትምህርት ቤቱ ደውላችሁ ስሟን አሰርዙ። ጥበቃውም መምህሯም ያውቋታል፣ ልጁም ሮጦ ያቅፋታል፤ ካልነገራችሁን የምንከለክልበት ምክንያት የለንም። ልጅ ሮጦ ማቀፉ ማረጋገጫ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ከረሜላ የሰጠውን ሁሉ «ጋሼ» ይላል። ያልተመዘገበ ሰው የሚመጣ ከሆነ ከተመዘገበው ስልካችሁ ደውሉ፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ንገሩን፣ መታወቂያ ይዞ ይምጣ። ከዚያ በኋላም እኛው መልሰን ስንደውልላችሁ አትቆጡ። ቅር የሚላቸው አጎቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ቅሬታቸውን እንችለዋለን። ወላጆች ተለያይተው ከሆነ ደግሞ «ለአባቱ እንዳትሰጡት» የሚል የቃል መልእክት ትምህርት ቤቱን መካከል ላይ ያቆመዋል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ ቅጂው ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

ሰርቪስ የሚጠቀም ልጅ ወላጅ ከመምህሯ ጋር ዓመቱን ሙሉ ላይተያይ ይችላል። መልእክቱ ከእናት ወደ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛ ወደ ሰርቪሱ ረዳት፣ ከረዳቱ ወደ ጥበቃ፣ ከጥበቃ ወደ ክፍል ይሄዳል። «ዛሬ 6 ሰዓት ላይ እወስደዋለሁ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው» ያለችው እናት መልእክቷ በዚህ ሰንሰለት ካለፈ በኋላ ክፍል የሚደርሰው «እናቱ ትመጣለች» ነው። መቼ? የሚያውቅ የለም። ለሹፌርና ለረዳት በቃል የሚነገረው መኪናውን የሚመለከት ብቻ ይሁን፦ ዛሬ አይሳፈርም፣ ነገ ከአያቱ ቤት ይወሰዳል። የቀረው ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ደብተሯም ከቦርሳው የፊት ኪስ ትግባ። ታች ከምሳ ዕቃው ሥር ከሆነች ሽሮ ነክቷት የምትገኘው ከምሳ በኋላ ነው። ከቀን ቀን የሚቀያየር ነገር ካለ ደግሞ ለሁለቱም፣ ለረዳቱም ለክፍሏ መምህርትም፣ ንገሩ። «አንዱ ለአንዱ ይነግረዋል» ብላችሁ አትመኑ።

ቴሌግራም ይህን ሁሉ የፈታ መስሎን ነበር። አርባ ወላጅ ባለበት ግሩፕ ውስጥ መምህሯ «ነገ ትምህርት የለም» ብላ ስትጽፍ 38 ሰው «እሺ ሚስ፣ እናመሰግናለን» ይላል፤ 39ኛው ወላጅ ማታ ሲከፍት ማስታወቂያው ከአበባና ከመልካም ምሽት ሥዕል በታች ተቀብሯል። ጠዋት ልጁን ይዞ በር ላይ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለማስታወቂያ ቻናል ይከፈት፣ ቻናል ላይ የሚለጥፈው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ግሩፕ ከሆነም አባላት እንዳይጽፉ በፈቃዶቹ ማስተካከያ መዝጋት ይቻላል፤ ዋናውም መልእክት ፒን ይደረግ። ስለ አንድ ልጅ የሚነገር ነገር ግሩፕ ላይ አይወጣም፣ ምስጋናም ቢሆን፤ «የኔስ?» የሚል ይከተላል። የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ፎቶ ወደ ቲክቶክ የሚያወጣ ወላጅ ካለ ከቻናሉ መውጣት ያለበት እሱ ነው እንጂ ፎቶው ብቻ አይደለም ባዮች ነን። ለመምህሯ በግሏ ስትጽፉ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ምላሽ አትጠብቁ። እሷም ቤት አላት። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ የተላከ ቴሌግራምም አይነበብም፤ ክፍል ውስጥ ስልክ የለም። ለቸኮለ ነገር የትምህርት ቤቱ መደበኛ ስልክ ነው ያለው።

ማንበብ የማይችል አሳዳጊ ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ አያት ወይም ከገጠር የመጣች አክስት ልጁን ስታሳድግ ደብተሯ ባዶ ፊርማ ብቻ ይዛ ትመለሳለች። ይህን ነገር ለመናገር አትፈሩ። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት መላክ ለኛ ከመጻፍ ይቀላል። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚልክ ከሆነም አማርኛውን ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

ቋንቋን ካነሣን፣ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ አማርኛ ክፍል ሲገባ ዝም ይላል እንጂ አልገባኝም አይልም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ይላል፤ የግል ኬጂ ውስጥ ግን አብዛኛው ልጅ የሚያገኘው አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ከቤት የምንፈልገው አሥር አሥራ አምስት ቃል የተጻፈባት አንዲት ወረቀት ናት፣ በፊደል፣ እንደሚጠራው። ውሃ፣ ሽንት፣ ራበኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ እናቴ ትመጣለች። ልጁ «ቢሻን» ወይም «ማይ» ሲል ውሃ እንደጠማው ያወቀች መምህርት ግማሹን ለቅሶ ገላገለችው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅም ቢሆን የቤት ቃል አለው፤ ለሽንት ቤት በቤታችሁ የምትሉት ቃል ጎረቤት ላያውቀው ይችላል። እሱንም ጻፉልን።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። ከሁሉም በላይ የምንታለለው እዚህ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የጻፈው «ሀ» አንዱ ጎኑ ይረዝማል፣ መስመር ይለቃል፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስከ ጀርባ ይጫነዋል። እናት እጁን ይዛ ያስጻፈችው ግን ገጹን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጫናውም ቀለል ያለ ነው፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጣት ብትዳስሱት ለስላሳ ነው። እናውቀዋለን። የሚያሳዝነው እናትየዋ ያጠፋችብን መረጃ ነው፤ ልጁ «ሐ» እና «ጠ» ላይ እንደሚደናበር የምናየው ሲሳሳት ብቻ ነው። ለዚህ ዕድሜ 15 ደቂቃ ይበቃል። ካልጨረሰ አቁሙትና ከሥሩ «አራተኛው መስመር ላይ ደከመው፣ አቆምን» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ላይ የምትቆጣ መምህርት ካለች ሥራው ስለበዛ ነው፤ እሱም ቢሆን መነገር ያለበት ነገር ነው።

ተቧጭሮ ወይም ተነክሶ ሲመጣስ? ኬጂ ውስጥ መናከስ አለ፤ ቃል ያላገኘ ልጅ ጥርስ ይጠቀማል። ከትምህርት ቤቱ መጠበቅ ያለባችሁ ልጁ ቤት ሳይደርስ እንዲደወልላችሁ ነው፦ ስንት ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ምን ተደረገለት፣ እንዳይደገም ምን ታሰበ። ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲያውኑ ሊደወል ይገባል፤ ማታም ካስመለሰው ወይም ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ ከጣለውና ለማንቃት ካስቸገረ ሐኪም ቤት ነው። የነከሰውን ልጅ ስም ግን አንነግራችሁም፣ ልጃችሁ ቢነግራችሁም በር ላይ ያንን ልጅ ጠርታችሁ አትቆጡ። እናቱ በማግሥቱ የናንተን ልጅ ልትቆጣ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የልጆች መሆኑ ይቀራል። ያልተደወለላችሁ እንደሆነ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ የክፍሏ መምህርት፣ ከዚያ የኬጂው አስተባባሪ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህር፣ ከዚያ ወላጅ ኮሚቴው፣ መጨረሻ ላይ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ የገባ ወላጅ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚላከው መምህሯ ዘንድ ነው፣ ያውም ካኮረፈች በኋላ።

የወላጅ ስብሰባ ቀን ለአንድ ወላጅ የሚደርሰው 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። ግማሹ «ስንተኛ ወጣ?» በሚለው ያልቃል። የአራት ዓመት ልጅ ደረጃ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ በጥር አምስተኛ የነበረ በሰኔ አንደኛ ይሆናል፣ መካከል ላይ የተለወጠው እንቅልፉ ሊሆን ይችላል። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ከማን ጋር ይጫወታል? ሲከፋው ምን ያደርጋል? ምሳውን ይጨርሳል ወይስ ይሰጣል? መምህሯ ለመጀመሪያው ጥያቄ ስም ሳትጠራ ካመነታች ልጁ ብቻውን ይውላል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀሪውን 8 ደቂቃ እዚያ ላይ አውሉት። አባቶች ደግሞ ኑ፤ ክፍያ ቀን ብቻ የሚታይ አባት ያለው ልጅ በስብሰባው ማግሥት «አባቴ መጥቶ ነበር» እያለ ለክፍሉ ሁሉ ያወራል።

ቤት ሲመለስም «ምን ተማርክ?» ካላችሁት መልሱ «ምንም» ነው። «ዛሬ አጠገብህ ማን ተቀመጠ? መክሰስህን ማን ከፈተልህ? ማን አለቀሰ?» በሉት። የሚነግራችሁ ሁሉ እውነት ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ የትናንቱና የዛሬው፣ ያየውና የተመኘው ይቀላቀላል። የሚያሳስብ ነገር ከሰማችሁ ቃሉን እንዳለ፣ ሳታስተካክሉ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉና ጠዋት ለመምህሯ በእጇ ስጧት፤ ልጁ ፊት ግን አታውሩበት።